ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እንጀራ በሽሮ ምሳ ዕቃው ውስጥ እከትለታለሁ። ማታ ስከፍተው እንደሄደ ተመልሷል። ቦርሳው ውስጥ ደግሞ የቺፕስ ላስቲክ አገኛለሁ፤ ለካ የባጃጁን ብር እየገዛበት በእግሩ ነው የሚመጣው! ስቆጣው ያለቅሳል። «እንደነሱ ፓስታና ጁስ አድርጊልኝ» ይለኛል። አማቴ «ምን ታሞላቅቂዋለሽ፣ ሲርበው ይበላል» ይላሉ። ያንኑ ሽሮ እኮ ቤት ሲሆን ጣቱን እየላሰ ነው የሚበላው። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እናት

*

እታለም፣ መልሱን ራስሽ መጨረሻው ላይ ጽፈሽዋል። ቤት ጣቱን እየላሰ ከበላው ጠቡ ከሽሮው ጋር አይደለም።

ሌሊት የታሸገ ሽሮ በደሴ ብርድ እስከ 6 ሰዓት ሲቆይ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ይረጋል፣ እንጀራው ይርሳል፣ ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። አጠገቡ ያለው ልጅ አንድ ቀን አፍንጫውን ከያዘ ያንቺው ልጅ ክዳኑን ዳግም አይከፍትም። «ለምን አልበላህም?» ከምትዪው «ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብለሽ ጠይቂው።

ሽሮውን ለእራት ተዪው። ለምሳ ቀዝቅዞም የሚጥም፣ ደረቅ ያለ ነገር ይያዝ፦ ቂጣ በእንቁላል (ጾም ካልሆነ)፣ የተቀቀለ ድንች በካሮት፣ የሽምብራ ንፍሮ። የምስር ሳምቡሳም አለ፤ ዘይት ስለሚጠጣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ወሎ ነንና ልጆቻችን እስላም ክርስቲያን ሳይሉ አብረው ነው የሚቀመጡት። ሥጋ ሲሆን እጅ ይሰበሰባል፣ ምስርና ድንች ግን የሁሉም ነው። ጓደኞቹ ምሳ ዕቃው ላይ ሲሻሙ ካየ እሱም ይሻማል። እኔ ልጅ ሳለሁ ምሳዬ ቆሎ ነበር፤ በዚያ ቆሎ ያፈራኋቸው ወዳጆች ዛሬም አሉኝ።

ፓስታውን አትከልክዪው። ጎመንና ካሮት ይግባበትና ቀኑን እሱ ይምረጥ። ጎመኑን መጀመሪያ ቢተፋው አትደንግጪ፤ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊኖርበት ይችላል። ገበያም ይዘሽው ውረጂ። «ምን ልግዛልህ?» ካልሽው ቺፕስ ነው የሚልሽ፤ «ፓፓያ ወይስ ብርቱካን?» በዪው። ብርቱካን ከምስር ጋር ሲበላ ሰውነት የምስሩን ብረት ይበልጥ ይወስዳል። ሻይ ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ከምሳ ጋር አታስይዢው።

ጁሱ ላይ አልደራደርም። የጣፋጭ መጠጦቹን ጀርባ አንብቢ፤ ብዙዎቹ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አላቸው። በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 7 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለሻይሽ እንኳ ይህን ያህል አትጨምሪም። ውሃ ይያዝ።

ስለ ባጃጁ ብር በቁጣ አትጀምሪ። አማትሽም «ሲርበው ይበላል» ማለታቸው ልክ ነው፤ ርቦት እኮ ነው ቺፕሱን የበላው።

እሁድ ማታ ሳምቡሳውን አብራችሁ ጠቅልሉ። ጫፉን በሊጥ ማጣበቁን ለእሱ ስጪው፣ ዘይቱ ጋ አንቺ ቁሚ።