ሲክል ሴልና ከወገብ በታች ያለው ጣጣ፦ ጥያቄና መልስ

ዶክተሩ፦ የልጆች ዩሮሎጂ (የሽንትና የብልት ሕክምና) ሐኪም ነኝ። ዛሬ የምመልሰው ሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ፣ ቀይ የደም ሴሎችን ማጭድ የሚያስመስል በሽታ) ስላለባቸው ልጆችና ወጣቶች ብቻ ነው። ዕድሜና የሚወሰደውን መድኃኒት ጻፉ።

የዮኒ እናት፦ ዶክተር፣ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሌሊት ብልቱ ቆሞ አልመለስ ይለዋል። አንድ ሰዓት ያህል አሳምሞት ይተወዋል። ለእኔ አፍሮ ለወንድሙ ነው የነገረው። ምንም መድኃኒት አይወስድም።

ዶክተሩ፦ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዳይቆጡት። ፕራያፒዝም ይባላል። ከወሲብ ስሜት ጋር አይገናኝም። ማጭድ መሳዮቹ ቀይ የደም ሴሎች ደሙ ከብልት እንዳይወጣ ያግዱታል። ደሙ እዚያው ይታጎራል፣ ኦክሲጅኑ ያልቃል፣ ያኔ ያማል። ሲጀምረው ሽንቱን ይሽና፣ ውኃ ይጠጣ፣ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ ወዲያ ወዲህ ይበል። በረዶ እንዳይነካው። ከሁሉ በላይ ሰዓት ይያዝ። ከጀመረው ሁለት ሰዓት ሲሞላው መንገድ ላይ ሁኑ። አራት ሰዓት ካለፈ ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ ቢነጋስ የሚባል ነገር የለም። ሐኪሞቹ የታጎረውን ደም በመርፌ ይቀዳሉ፤ የደም ግፊቱን እየተከታተሉ ፌኒሌፍሪን የሚባል የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት እዚያው ይወጉታል። ይህ ካልሠራ ቀዶ ሕክምና አለ። አንድ ቀን ተኩል፣ ሁለት ቀን ካደረ ግን ብልቱ ወደፊት በራሱ መቆም መቻሉ ያጠራጥራል። እየመጣ የሚሄደውንም አትናቁት፤ ትልቁ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሚጀምረው። የደም ሐኪሙ ይወቀው፤ የሲክል ሴልን ቀውስ ስለሚቀንሰው መድኃኒት፣ ስለ ሃይድሮክሲዩሪያም አብራችሁ ተነጋገሩ።

ጋሼ፦ ይህን ሁሉ ለልጅ ማውራት ነውር አይደለም? ሲደርስበት ይነገረዋል።

ሲስተር፦ ሲደርስበትማ ሌሊት ነው፣ ብቻውን ነው። ድንገተኛ ክፍል የማያቸው እኮ በማግስቱ ነው የሚመጡት። “ሆዴን አመመኝ” እያሉ።

ጋሼ፦ እኔ ያደግሁት እንዲህ ተብሎ አይደለም።

ዶክተሩ፦ ጋሼ፣ ያደጉበትን አከብራለሁ። በዚህ ግን አልስማማም። ሲክል ሴል ካለባቸው ወንዶች ብዙዎቹ ይህን የሚያዩት 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ስለ ትኩሳትና ስለ ሕመም ቀውስ (ድንገት ስለሚነሳው ከባድ ሕመም) ለልጁ ትነግሩታላችሁ፤ ይሄኛው ሲሆን ሁሉም ዝም። እኔ ገና በ8 እና በ9 ዓመታቸው እነግራቸዋለሁ። “ቆሞ ካመመህና ካልተመለሰ አባትህን ቀስቅስ” በቂ ነው። አንዳንዱ ይስቃል። ይሳቅ።

ሲስተር፦ እኛ ጋ ደም እስኪቀየርለት ይጠበቃል፣ ልክ ነው?

ዶክተሩ፦ አይደለም። መርፌው ደም አይጠብቅም። ደም መቀየር ለሌላ ምክንያት ሊያስፈልግ ይችላል። ከተቀየረ ግን ራስ ምታትና መንቀጥቀጥ ተከታተሉ፤ ለፕራያፒዝም ደም ተቀይሮላቸው አንጎላቸው የተጎዳ ሕሙማን አሉ።

ቤቢ፦ በረዶ ብናደርግለትስ?

ዶክተሩ፦ ከላይ ጽፌያለሁ። አይሆንም።

22 ዓመት፦ ሲልዴናፊል (ቪያግራ) ፕራያፒዝምን ይከላከላል ይላሉ። ገዝቼ ልጀምር?

ዶክተሩ፦ ገዝተህ አትጀምር። ለመከላከል በየቀኑ በትንሹ የተሞከረበት ሁኔታ አለ፤ በሐኪም ክትትል። ይኸው መድኃኒት ሲክል ሴል ላለባቸው ሰዎች የሳንባ ደም ግፊት ሲሞከር ግን የሕመም ቀውስ ስላበዛ ጥናቱ ተቋርጧል።

ሰላም፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ፎሊክ አሲድ ትወስዳለች። አልጋ ላይ ትሸናለች። ማታ ውኃ ልከልክላት?

ዶክተሩ፦ በፍጹም! ኩላሊቷ ሽንት ማወፈር ስለማይችል ብዙና ቀጭን ሽንት ታወጣለች። ውኃ ከከለከልሻት ደሟ ይወፍራል፣ ቀውስ ይመጣል። ሌሊት ቀስቅሰሽ አሸኛት። አትቅጫት።

ማርቆስ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ሃይድሮክሲዩሪያ እወስዳለሁ። ሽንቴ ቀላ፣ ግን አያመኝም።

ዶክተሩ፦ ባያምህም ታየው። ብዙ ጊዜ የኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል ደም አጥሮት ሲጎዳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል። ዕረፍት፣ ፈሳሽ፣ አልትራሳውንድ። አይቡፕሮፌን አትውሰድ። የሲክል ሴሉን ዘር ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ፣ “በሽታው የለብኝም” የሚሉትም ሽንታቸው ከቀላ ይመርመሩ። አልፎ አልፎ ወጣቶችን የሚይዝ ክፉ የኩላሊት ካንሰር አለ፤ የሚታየው በአብዛኛው እነሱ ላይ ነው።

ማርቆስ፦ ሃይድሮክሲዩሪያው መካን ያደርገኛል?

ዶክተሩ፦ የዘር ሴሎችን ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። በራስህ አታቋርጥ፤ ያዘዘልህን ጠይቅ።

አቤል፦ ወንድሜን ያመዋል፣ ምን ይሻለዋል?

ዶክተሩ፦ የት? ስንት ዓመቱ? ከመቼ ጀምሮ? የመጀመሪያውን መልእክቴን አንብብ።

አቤል፦ 15 ነው፣ መድኃኒት የለውም። እዛው ታች ነው፣ ከማታ ጀምሮ ቆሟል። አሁን ነግቷል።

ዶክተሩ፦ መጻፍህን ተው። ይዘኸው ውጣ፣ አሁኑኑ።