ምርጫ ሲቃረብ ፋይሉን ደግማችሁ አንብቡ

ይህን የምጽፈው ባንክ ቤት ሥራ ለጀመራችሁ፣ ወይም ነገ ከነገ ወዲያ ብድር ለመጠየቅ ላሰባችሁ የሐዋሳ ልጆች ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በብድር ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ምርጫ በመጣ ቁጥር ሐሳቤ ባንክ ቤት ነው።

ብዙ ሰው ፖለቲካ ባንክን የሚጎዳው ረብሻ ሲነሳ ብቻ ይመስለዋል። እሱም አለ። የምርጫ ወሬ ሲከር ነጋዴው ገንዘቡን ያወጣል፣ ግዢውን ያቆያል፣ ቅርንጫፉ ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል። ከተማው ሲረጋጋ ግን ብሩ ተመልሶ ይገባል። ጠባሳ ጥሎ የሚሄደው በዚያ ሰሞን የተፈቀደ ብድር ነው።

አንድ ፋይል አልረሳም። ጠያቂው ሲዳማ ውስጥ የቡና ማጠቢያ ያለው ሰው ነው። የብድሩ ምክንያት «ለእሸት ቡና መግዣ» ይላል። ማመልከቻው የገባው በሚያዝያ ነው፤ ግንቦት ላይ ምርጫ ነበር። እዚህ አካባቢ እሸት መለቀም የሚጀምረው በጥቅምት ገደማ ነው፤ ክረምቱ ሳይመጣ ገና ድሮ ያልቃል። በሚያዝያ የሚገዛ እሸት ከየት ይመጣል? ለመያዣ የቀረበው ቤት ግምትም አጠገቡ ካሉት ቤቶች እጥፍ ነበር። ይህን የሚያስረዳ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ የለም። «ይህ ብድር ይለፍ» የሚል ስልክ ግን ተደውሏል። አልደግፍም ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ከላይ ጸደቀ። በዓመቱ መክፈል ሲያቅተው ብድሩ ታደሰለት፤ ማለትም የመክፈያው ጊዜ ተራዘመለት። እንደገና ታደሰ። በመጨረሻ ቤቱ ለሐራጅ ሲወጣ የዕዳውን ግማሽ እንኳ የሚሰጥ ተጫራች አልተገኘም። ብድሩ በወጣ በመጪው ጥቅምት ደግሞ፣ ዕዳውን ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚከፍል ቡና አቅራቢ መጥቶ «ለአሁኑ ገንዘብ የለም» ተብሎ ተመለሰ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእሱ ነገር ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ ውስጥ የመንግሥት ባንኮች የግብርና ብድር ዕድገት በምርጫ ዓመት ከ5 እስከ 10 በመቶኛ ነጥብ ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል። ብሩ የሚበዛው ፉክክሩ አንገት ለአንገት በሆነበት አካባቢ ነው። ምርቱ አልጨመረም፤ ያልተመለሰው ብድር ግን ጨመረ። ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 ባለው ጊዜ፣ ቦርዳቸው ውስጥ ፖለቲከኛ ያለባቸው ድርጅቶች ከሌሎቹ 45 በመቶ አብልጠው ይበደሩ ነበር። ዕዳ ሳይከፍሉ በመቅረትም በ50 በመቶ ይበልጡ ነበር። ያን ውለታ የዋሉላቸው የመንግሥት ባንኮች ናቸው።

የግል ባንክም ቢሆን አያመልጥም። እዚህ አገር ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች 100 ብር ባበደሩ ቁጥር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ፣ ማለትም ያን ያህል ለብሔራዊ ባንክ እንዲያበድሩ፣ ይገደዱ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሰነዱ ወለድ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኩ ግን ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍል ነበር። ጉድለቱ ዞሮ ዞሮ ያረፈው ተበዳሪው ነጋዴ ላይ ነው።

ከእናንተ በፊት የነበሩትን ወጣቶች የነካውንም ልንገራችሁ። ከ2008ቱ ተቃውሞ ማግስት፣ በ2009፣ 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ብሩ ግን በስብሰባና በጭብጨባ ስለመጣ ብዙዎች ብድር ሳይሆን ድርሻችን ነው ብለው ወሰዱት። ብዙ ቦታ በጊዜው አልተመለሰም፤ ቀጣዩ ተረኛም ሳይደርሰው ቀረ። ልጆቹን ብቻ መውቀስ አልችልም። እንደ ብድር አስረድቶ የሰጣቸው ሰው ጥቂት ነበር።

ብድር ክፍል ያላችሁ ልጆቼ፣ ስልክ ሲደወል አትጣሉ፣ አትደንግጡ። ፋይሉን ደግማችሁ አንብቡ። ገንዘቡ በየትኛው ወር፣ ከምን ሽያጭ ነው የሚመለሰው? ቦታው ድረስ ሄዳችሁ እዩ። ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉና ፈርሙ፤ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ። ተበዳሪዎች ደግሞ፣ በስብሰባ ላይ ቃል የተገባላችሁን ብር ከመውሰዳችሁ በፊት የመክፈያ ሠንጠረዡን ጠይቁ። ቃል የገባው ባለሥልጣን ነገ ሊነሳ ይችላል፤ ዕዳው ግን በእናንተ ስም ነው።

የባንክ አክሲዮን ካላችሁም፣ ከምርጫው በኋላ ያሉትን የሁለት ሦስት ዓመት ሪፖርቶች አንብቡ። የተበላሸ ብድር፣ ማለትም በጊዜው ያልተከፈለ ብድር፣ ከ5 በመቶ በታች ነው ስለተባለ ብቻ አትርኩ፤ ብድር ሲታደስ የተበላሸውም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስንት ብድር እንደታደሰ፣ ለማን እና ስንት ጊዜ እንደታደሰ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስታችሁ ጠይቁ።