ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር ጡረተኛ ሰነድ ተርጓሚ ነኝ። ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ደረጃ ላይ አስቁሞኝ፣ «ጋሼ፣ እህቴ ለሰርጌ ከካናዳ ልትመጣ ነው። ጥገኝነት ጠይቃ ነው የቀረችው። ግን ፒአር፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ካላት ምን ችግር አለው?» አለኝ። እንቅልፍ ነሳኝ።

አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ቶሮንቶ ጥገኝነት አግኝታ፣ ፒአር ይዛ አረጋውያን ትንከባከብ ነበር። ለገጣፎ ያሉት እናቷ ሲታመሙ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን አሳድሳ መጣች። መጋረጃ ዘግታ፣ ከአክስቷ ቤት ንቅንቅ ሳትል አስታምማ ተመለሰች። ለቀብራቸውም መጣች። ኋላ ዜግነት ስታመለክት ጉዞዎቿን አንድም ሳትደብቅ ሞላች። መዘዙ የተመዘዘው ከዚያ ነው። የካናዳ መንግሥት የስደተኛነት ከለላዋ እንዲቋረጥ ለስደተኞች ቦርድ አመለከተ።

የሆስፒታሉን ወረቀት የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር። ታኅሣሥ 25 የሚለውን ጃንዋሪ 3 እያልኩ ከፓስፖርቷ ማህተም ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ገጠመ።

ቦርዱ የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው፦ በፈቃድሽ ነው? የአገርሽን ከለላ መልሰሽ ለማግኘት አስበሽ ነው? አገኘሽስ? ፓስፖርት ያሳደሰ ሰው አስቦበታል ተብሎ ይገመታል፤ ማስተባበል የራሱ ፋንታ ነው። ተፈረደባት። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በዚህ ምክንያት ከለላው ሲቋረጥ ፒአሩም አብሮ ይሄዳል። እዚያው ቦርድ ውስጥ ይግባኝ የለም፤ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመግባትም ፈቃድ መጠየቅ አለ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2022 የካናዳ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ስደተኛው መዘዙን ያውቅ ነበር ወይ፣ የሚፈራው መንግሥትን ነው ወይስ ሌላ ወገን፣ ሲመጣ ተጠንቅቋል ወይ የሚለው ሁሉ ይታይ አለ። መጋረጃ ዘግታ መቀመጧ ቢያንስ ይቆጠርላት ነበር። የሷ ፋይል ግን ቀድሞ ተዘግቷል።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ገና ከቦሌ ሳትወጡ ቲክቶክ ላይ ናችሁ። እስክስታችሁ ነገ ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብ ማንን ልትወቅሱ ነው?

ስለዚህ አትምጡ እላለሁ። እናቴ ብትታመም ግን እኔም መምጣቴ አይቀርም ነበር፤ ምን ልዋሽ። ለሰርግ ከሆነ ናይሮቢ ተገናኙ። ከዚህ ለሚሄደው ቪዛ አያስፈልገውም። የማውቃቸው ቤተሰቦች ድፎ ዳቦ ተሸክመው ሄዱ፤ የጉምሩኩ ሰው ዳቦውን በጣቱ ሲጫን ሲጫን ሳቃቸው አመለጣቸው። ስደተኛዋ ልጃቸው የመጣችው ካናዳ ለስደተኞች በምትሰጠው የጉዞ ሰነድ ነው፤ ሰነዱ ከተሸሸበት አገር በስተቀር ይሠራል።

የጎረቤቴ ልጅ እህት የካናዳ ዜግነት ከወሰደች በኋላ ግን ይሄ የጉዞ ጣጣ አያሰጋትም። መጀመሪያ ቃሏን ስትሰጥ ዋሽታ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የጊዜ ገደብ የለውም፤ ዜግነቱንም ሊያስነጥቅ ይችላል።