በብዕር የሰረቀ ሰው ሞት ይገባዋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቬትናም ውስጥ ትሩኦንግ ሚ ላን የምትባል ባለሀብት ከባንክ 12.5 ቢሊዮን ዶላር መዝብራለች ተብላ እ.ኤ.አ. በ2024 ሞት ተፈረደባት። እኛ ቢሮ ብዙዎቹ «የእጇን ነው ያገኘችው» አሉ። እንደ ክርስቲያን ምን ልበል? ደግሞስ እንዲህ ያለ ሰው ንስሐ ቢገባ ቅጣቱ ይቀርለታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴታቸው ይገባኛል። በብዕር የሚሰርቅ በር ሰብሮ ከሚገባው አይሻልም፤ እንዲያውም ታምኖ ቁልፍ የተሰጠው ነውና ይብሳል። ይሁዳን አስቢው። ከረጢቱን የያዘው እሱ ነበር፣ ቅዱስ ዮሐንስም ሌባ እንደነበረ በግልጽ ጽፎታል (12፥6)። ጌታን በሠላሳ ብር ከመሸጡ በፊት የጀመረው ከሒሳቡ ነው።

ሞት ግን? ብዙ ሰው የኦሪት ሕግ ጨካኝ ይመስለዋል። እስቲ ዘጸአት 21ንና 22ን አንብቢ። ሰው ሰርቆ የሸጠ ይሙት ይላል። በግ የሰረቀ ግን አራት በግ፣ በሬ የሰረቀ አምስት በሬ ይክፈል ነው የሚለው፤ የሚከፍለው ካጣም ራሱ ይሸጣል እንጂ አይገደልም። ስለ ንብረት ነፍስ አልተጠየቀም፣ እኔም ከዚህ አላልፍም። ረጅም እስር፣ አዎ። የሰው ገንዘብ ዳግመኛ እጁ እንዳይገባ ማድረግም፣ አዎ። ከሁሉ በፊት ግን ይመልስ! ጥሪታቸውን ያጡት ሰዎች በእሷ መሞት አንድ ሳንቲም አያገኙም። የቬትናም ሕግ ራሱ የወሰደችውን ሦስት አራተኛ ከመለሰች ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለወጥላት በር ትቶ ነበር፣ በ2025 ደግሞ አገሪቱ ለዚህ ወንጀል የሞት ቅጣትን ጨርሳ አስቀረች።

ንስሐውስ? ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን፣ ገነት ተሰጠው፣ ከመስቀሉ ግን አልወረደም። ንስሐ የገባ ሰውም እስሩን ይፈጽማል። ካህን ከኃጢአት ይፈታል እንጂ የባንክ ዕዳ አይሰርዝም። ዘኬዎስን እንኳ ማንም ሳያስገድደው ነው «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው። አንዳንዱ ከዘረፈው ላይ ቆንጥሮ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ይሰጥና ልቡ ያርፋል፣ ይሄ በጣም ያመኛል። ዘሌዋውያን 6 ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል፤ ዋናው ገንዘብ ከነአምስተኛው ጭማሪ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ የመሥዋዕቱ በግ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።