ታክሱን ይተወውና ዓመቱን ይከራከር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ ወንድሟ ማንቸስተር በኮንትራት የአይቲ ሥራ ሲሠራ ነው የኖረው። ከደመወዙ አብዛኛው «ብድር» እየተባለ ይገባለት ነበር። አሁን ኤችኤምአርሲ፣ ማለትም የእንግሊዝ ገቢዎች፣ የድሮውን ዓመት ታክስ አምጣ ብሎታል። የፓርላማ አባሉን ያናግር ወይስ ዝም ብሎ ይክፈል? እኛ ከድሬዳዋ ፊርማ ብናሰባስብስ? ሳቢያን ሰፈር ያለውን ቤት ብንሸጥስ? ብላ ነው የጠየቀችው።

እኔ ለንደን በኮንትራት ሶፍትዌር ስፈትሽ ነው የኖርኩት። በዚሁ መንገድ ተከፍሎኛል፣ ደብዳቤውም መጥቶልኛል። አሁን ወደ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ተመልሻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፣ ዓመቶቹን ሁሉ ግን በፈረንጅ ቁጠሪያቸው።

መጀመሪያ ቤቱን አትሽጡ። ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትራክተሩ በአንድ አምብሬላ ካምፓኒ፣ ማለትም ኮንትራክተሮችን ቀጥሮ ደመወዝ በሚከፍል አገናኝ ድርጅት፣ ሥር ይቀጠራል። ትንሽ ደመወዝ በፔይስሊፕ ይመጣለታል። ቀሪው ከባሕር ማዶ ትረስት፣ ማለትም ገንዘብ በአደራ ከሚይዝ ተቋም፣ በብድር ስም ይገባለታል። ብድሩን መልስ የሚለው የለም። ብድር ስለሆነ ደግሞ ታክስ የለውም ተባለ። ለእኔ የነገረኝ ሥራ ያገናኘኝ ኤጀንሲ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። «ጠበቃ አይቶታል» ብለው ወረቀት ጭምር አሳይተውኛል።

መንግሥት በ2016 በጀት ላይ ሎን ቻርጅ (በብድሩ ላይ የሚጣል ታክስ) የሚባለውን አመጣ፤ በ2017 ሕግ ሆነ። ከ6 ኤፕሪል 1999 ወዲህ ተወስዶ እስከ 5 ኤፕሪል 2019 ያልተመለሰ ብድር ሁሉ፣ በአንድ ዓመት እንደተገኘ ገቢ ተቆጥሮ ይታከስ አለ። የሃያ ዓመት ገንዘብ በአንድ ዓመት ላይ ሲከመር፣ መካከለኛ ደመወዝተኛው ሳያስበው 45 በመቶ የሚከፈልበት እርከን ላይ ቁጭ ይላል። በኤችኤምአርሲ ግምት 50,000 ያህል ሰው ነበር የሚነካው።

እዚህ ላይ ወንድምሽ ልብ ይበል። «ታክሱ አይገባኝም» ብሎ ፓርላማ አባል ፊት ከቀረበ ከበሩ ተሸንፎ ይመለሳል። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በግላስጎው ሬንጀርስ ክለብ ጉዳይ፣ በትረስት ዞሮ የመጣ ገንዘብም ደመወዝ ነው ብሎ ፈርዷል። ደግሞ ታክሱን በወር በወሩ ሲቆረጥበት የኖረ ነርስና ሹፌር ባለበት አገር፣ ታክስ ያልከፈለ የአይቲ ባለሙያ እንባ ማንንም አያሳዝንም። እውነት እንነጋገር ካልን፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላዝንም።

የሚያስኬደው ክርክር የጊዜው ነው። በእንግሊዝ ደንብ ገቢዎች ዲክላሬሽንሽ (የዓመት ገቢ ማሳወቂያሽ) በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርመራ ይከፍታል። ካመለጠው ወደ ኋላ የሚሄደው በተለመደው አራት ዓመት ነው። ቸልተኝነት ካለ ስድስት፣ ሆን ተብሎ ከተሠራ ደግሞ ሃያ ዓመት። አሳውቀሽ፣ እነሱም ዝም ብለው፣ ዓመቱ ተዘግቶ ሲያበቃ በአዲስ ሕግ መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄንን ወግ አጥባቂውም ሌበሩም ይሰማል።

ጉዳይ ሲገጥመን ድሬ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ያውቀዋል?» ብለን ነው። አንዱ ባለሥልጣን የማን አማች እንደሆነ ለገሃር ቡና ሳንጨርስ ይደረስበታል። እዚያ ይሄ አይሠራም፤ ዘመድሽ ፖስት ኮድሽ ነው። የሌላ ሰፈር የፓርላማ አባል የቱንም ያህል ደግ ቢሆን ወደ ራስሽ ተመራጭ ይመልስሻል። ስለዚህ ወንድምሽ ስሙ ለገነነ ሰው ሁሉ ኢሜይል አይበትን። ለራሱ ተመራጭ ይጻፍና «ሰርጀሪ» ይያዝ። ሐኪም ቤት አይደለም፣ ተመራጩ ሕዝብ የሚያገኝበት ሰዓት ነው።

የኔ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ጓሮ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ከፊቴ ቤቷ ግድግዳ ሻግቶባት ልጇ የሚያስላት እናት ነበረች። የኔ ተራ ሲደርስ ስለ ሕገ መንግሥታቸውና ስለ ፍትሕ ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ። ሰውየው በትሕትና ይነቀንቃል፣ ረዳቷ ቀና ሳትል ትተይባለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ያኔ ይሄን ለገቢዎች አሳውቀህ ነበር?» የዓመቱን ዲክላሬሽን ቅጂ አወጣሁና የስኪሙ፣ ማለትም የዚያ የብድር ክፍያ ዘዴ፣ መለያ ቁጥር የተሞላበትን ሣጥን በጣቴ አሳየሁት። መነጽሩን አወረደ። ወረቀቱን ወደ ረዳቷ ገፋ አድርጎ ኮፒ አንሺው አላት። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለዚያች ሣጥን ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ አንድ ገጽ ይዞ ይሂድ። ከላይ ብድሩ የየት ዓመት እንደሆነ፣ መቼ እንዳሳወቀ፣ ገቢዎች መጀመሪያ የጻፈለት መቼ እንደሆነ። ከታች የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ። «እርዱኝ» አይበቃም። «ይህን ለትሬዠሪ (ለገንዘብ ሚኒስቴሩ) ሚኒስትር ጽፈው መልሱን ያሳውቁኝ» ይበል።

መልሱ ይመጣል፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው። «ሕጉ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ታክሱ የሚታሰበው 5 ኤፕሪል 2019 ላይ ባለ ዕዳ ነው» ይላል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው። እንዳይተው። ያንን አንቀጽ ይዞ ተመልሶ «ታዲያ የዚያን ዓመት ዲክላሬሽኔን ለምን ዘጋችሁት?» ብሎ ያስጠይቅ።

ለውጥ አምጥቷል ወይ? አምጥቷል፣ ግማሹን። በዲሴምበር 2018 የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት (የጌቶች ምክር ቤት) የኢኮኖሚ ኮሚቴ ሕጉን ክፉኛ ተቸ። በጃንዋሪ 2019 የየፓርቲው አባላት ያሉበት ቡድን ተቋቋመ። በዚያው ወር የሊበራል ዴሞክራቱ የፓርላማ አባል ኤድ ዴቪ ያቀረበው፣ መንግሥት ሪፖርት እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ማሻሻያ ገባ። ከዚያ የቀድሞው የመንግሥት ዋና ኦዲተር ሰር ኤሚያስ ሞርስ እንዲያጣራ ተሾመ። በ20 ዲሴምበር 2019 ሪፖርቱ ወጣ፣ መንግሥትም ከ20 ምክረ ሐሳቦች 19ኙን ተቀበለ። ከ9 ዲሴምበር 2010 በፊት የተወሰደ ብድር ከሎን ቻርጁ ወጣ። ያ ቀን ጉዳዩን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ የታተመበት ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ኤፕሪል 2016 ባለውም፣ ሰውየው በአግባቡ አሳውቆ ገቢዎች እርምጃ ካልወሰደ፣ ብድሩ ወጣ። አየሽ ሣጥኗን? ሕጉ ግን አልተሻረም። እኔም በዚህ ያልወጣልኝን ከፍያለሁ።

በ2025 ደግሞ ሬይ ማካን የሚባል የታክስ ባለሙያ እንደገና አጣራ። በኖቬምበር በጀት ላይ መንግሥት ቅናሽ ያለበት አዲስ የመስማሚያ መንገድ እከፍታለሁ አለ። ግን የተጣራው ገና ላልተስማሙት ነው። ቀድሞ ተስማምቶ የከፈለ ሰው ውጭ ቀርቷል፣ ይሄ ለኔ ዓይን ያወጣ በደል ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ከገቢዎች ጋር መስማሚያ ፈርሞ እንደሆነ ወይም እንዳልፈረመ ዛሬውኑ ጠይቂው። ካልፈረመ የታክስ ባለሙያ ሳያይለት እንዳይፈርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፓርላማ አባል ማናገር የገቢዎችን ሰዓት አያቆምም። ደብዳቤው ላይ የይግባኝ ቀን ካለ በዚያ ቀን ውስጥ ይመልስ። እኔ የማውቃቸው አንዳንዶች ፓርላማ አባል ማግባባቱ ላይ ተጠምደው ቀኑ አልፎባቸዋል።

ፊርማውን ተዉት። በእንግሊዝ ፓርላማ አቤቱታ ላይ የሚፈርመው ዜጋው ወይም እዚያ የሚኖር ብቻ ነው። በ10,000 ፊርማ መንግሥት መልስ ይሰጣል፣ በ100,000 ለክርክር ይታያል። ከድሬ የሚሄድ ስም ከቁጥር አይገባም።

ወደ ቤቱ ስመጣ፣ ኤችኤምአርሲ በአንዴ ካልከፈልክ አይልም። በሞርስ ጊዜ የተባለው ገቢው ከ50,000 ፓውንድ በታች የሆነ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከ30,000 በታች የሆነ ሰባት ዓመት ከፋፍሎ መክፈል ይችላል ነው። ይሄ ግን የሚሸጥ ትርፍ ንብረት ለሌለው ነው። ስለዚህ የሳቢያኑ ቤት ካርታው በማን ስም እንደሆነ እወቁ። በእናታችሁ ስም ከሆነ የሱ ንብረት አይደለም። በሱ ስም ከሆነ አይደብቅ፣ ለባለሙያው ቀድሞ ይንገር። ትክክለኛው ቁጥር ሳይታወቅ ገዢ ማፈላለግ ግን ከንቱ ኪሳራ ነው።

ደግሞ አቦ፣ ስትደውሉለት ስለ ገንዘቡ ብቻ አታውሩት። በዚህ ጉዳይ ተጨንቀው ሕይወታቸውን ያጠፉ ሰዎች አሉ፣ ኤችኤምአርሲ ራሱ ለገለልተኛ መርማሪ ያሳወቀው ነው። እንቅልፍ ይተኛል ወይ፣ ይበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የድሮ ፔይስሊፖቹንና ዲክላሬሽኖቹን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽና ይዘሽ ከዚራ ነይ፤ ዓመቶቹን አብረን እናደርድራቸዋለን። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አድርጊው ግን፣ በዚህ ሙቀት ወረቀት ማየት አይቻልም።