በእኛ ሥራ ዝምታም ይነቅዛል

ሥራውን አሁን ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

«ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። ለጠብና ለሐሜት እውነት ይሆናል። ሰርቨርና ዳታቤዝ ታቅፎ ለሚያድር ሰው ግን አይሆንም። ዝም ብዬ ያስነቀዝኩትን ነገር ልንገራችሁና ምክሩ ከዚያ ይምጣ፤ ባዶ ምክር እኔም በእናንተ ዕድሜ አልሰማም ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ባካፕ፣ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ፣ የኔ ኃላፊነት ሆነ። ኃላፊነት ይባል እንጂ ሥራው ቀላል ነው፦ የትናንቱን ቴፕ ማውጣት፣ የዛሬውን መክተት፣ ማታ ስክሪኑ ላይ «ተጠናቋል» የሚለው ሲመጣ መዝገብ ላይ ሰዓቱን ጽፎ መፈረም። ባካፑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አንድ ማታ በ3 ደቂቃ አለቀ። «ተጠናቋል» ይላል፤ መብራቱም አረንጓዴ ነው። በማግስቱም 3 ደቂቃ። የመጀመሪያው ቀን ግር አለኝ፣ በሁለተኛው ደስ አለኝ፣ በሦስተኛው ረሳሁት። በጊዜ ቤቴ መግባት ጀመርኩ።

እንዲህ እያልኩ 7 ወር ፈረምኩ። ከዚያ የሰርቨሩ ዲስክ ሞተ። ቴፖቹን ስናወጣ የፎልደሮቹ ስም አለ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። ለካ በአንድ የደኅንነት ማስተካከያ ምክንያት የባካፕ አካውንቱ ፋይሎቹን የማንበብ ፈቃድ ተነስቶበት ኖሯል። ፕሮግራሙ ማንበብ ያልቻለውን እየዘለለ፣ መዝለሉንም ሎጉ፣ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ ላይ አንድ በአንድ እየጻፈ፣ መጨረሻ ላይ «ተጠናቋል» ይል ነበር። አልዋሸም፤ የቻለውን አጠናቋል። ሎጉን የከፈተ ግን ማንም የለም። ማንም ስል እኔ ማለቴ ነው።

አለቃዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «የተለወጠ ነገር ያየኸው ከመቼ ጀምሮ ነው?» «ምንም አላየሁም» አልኩ። ባልደረቦቼ በየሳምንቱ ተለይተው የተቀመጡትን ቴፖች ከአዲሱ ጀምረው ወደ ኋላ አንድ በአንድ መክፈት ያዙ። 30 የሚሆን ቴፕ ነው። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ፈጀ። እኔም ቴፕ እያቀበልኩ አብሬያቸው አደርኩ፣ የትኛው ሳምንት እንደሆነ ልቤ እያወቀ።

ዲስኩን የገደልኩት እኔ አይደለሁም። ፈቃዱንም ያነሳሁት እኔ አይደለሁም። ያቺ «ምንም አላየሁም» ግን እስከ ዛሬ የኔ ናት።

ይህን ታሪክ ከብዙ ዓመት በኋላ የቀሰቀሰብኝ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሌላ ነገር ሲለካ ሳለ ኮምፒውተርን ከርቀት በሚያስከፍተው በኤስኤስኤች ወደ ማሽኑ መግባት 0.3 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ወደ 0.8 ማደጉን አየ። ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ነው። ብዙዎቻችን ኔትወርኩ ነው ብለን እናልፈው ነበር። እሱ ከነከነው፤ ሲቆፍር ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር፣ ሰርጎ መግቢያ፣ አገኘ። የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ደግ ተባባሪ መስሎ ኮድ ሲያዋጣ የኖረ ነው። ፍሮይንድ ማርች 29 ላይ ለሁሉም አሳወቀ፤ የተበከሉት 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች በየሰርቨሩ ከመሰራጨታቸው በፊት ተያዙ።

እሱን ግማሽ ሰከንድ አላስተኛውም፤ እኔን ከ4 ሰዓት ወደ 3 ደቂቃ መውረዱ አስደሰተኝ። በእውቀት ከእሱ ጋር አልወዳደርም፤ ግን «ይሄ ለምን ተለወጠ?» ብሎ ለመጀመር እውቀት አያስፈልግም። ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ያለ ምክንያት ሲበላሽ ሁሉም ይጠይቃል፣ ያለ ምክንያት ሲሻሻል ግን የሚጠይቅ የለም። ከሁለቱ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

ዝም የሚለው ሰው ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትላብ ላይ የደረሰውን ካላነበባችሁ ፈልጉና አንብቡ። አንድ ኢንጂነር ሁለተኛውን የዳታቤዝ ሰርቨር ያጸዳ መስሎት የማጥፊያውን ትእዛዝ ዋናው ላይ ሰጠ። ወዲያው ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። ወደ ባካፑ ሲሮጡ ባካፕ የለም። ባካፑን የሚወስደው መሣሪያ የፖስትግሬስ 9.2 ስሪት፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ስለነበረ በወሰደ ቁጥር ይከሽፍ ኖሯል። መክሸፉንም በኢሜይል ይናገር ነበር፤ ኢሜይሎቹ ግን አልተፈረሙም ተብለው ተቀባዩ ሰርቨር ላይ ይመለሱ ነበር። ጩኸቱ ነበረ፤ ሰሚ ጆሮ ጋ አልደረሰም። የደረሰላቸው ያው ኢንጂነር ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው፣ 5,000 ገደማ ፕሮጀክት፣ ያንኑ ያህል አስተያየት፣ 700 ገደማ አዲስ አካውንት ሳይመለስ ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። እየሠሩ የሚጽፉትን ማስታወሻ ለማንም ክፍት አደረጉት፤ መረጃውን ሲመልሱ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ፤ ትእዛዙን የሰጠውን ልጅ «የቡድን አባል 1» ብለው አለፉት። እኔ በዚያ ማታ ቦታ ላይ ብሆን ይህን ያህል ወኔ የሚኖረኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ «ባካፕ አለን» የሚላችሁን ሰው «መጨረሻ ከእሱ ላይ መረጃ የመለሳችሁት መቼ ነው?» በሉት። መልሱ ረዘም ካለ ባካፕ የለም ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ ስታዘጋጁም ሲከሽፍ ብቻ እንዲናገር አታድርጉ፤ ተናጋሪው ራሱ ሊሞት ይችላል። «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ የሚጮህ ሌላ ነገር ከውጭ አቁሙ። መጠኑንና የፈጀውን ጊዜም ከትናንቱ ጋር ያወዳድር። ያኔ ይህን የሚሠራ አሥር መስመር ስክሪፕት ቢኖረኝ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

አሁን ወደ እናንተ አንደበት ልምጣ። ቋንቋችን «ተ» የምትባል መሸሸጊያ ሰጥታናለች። «ሰረዝኩ» ማለት ሲከብደን «ተሰረዘ» እንላለን፣ «ነካካሁት» ለማለት «የተነካካ ነገር ያለ ይመስላል» እንላለን። ማን ነካካው? ሲስተሙ! ሲስተም እጅ ያለው ይመስል። ጥፋት ስትሠሩ፣ ትሠራላችሁና፣ ይህችን «ተ» ጣሏት። አብራኝ የሠራች ልጅ አንድ ጊዜ የጻፈችልን መልእክት እስካሁን ለአዳዲሶቹ አሳያለሁ፦ «ከ6 ደቂቃ በፊት ፕሮዳክሽን ላይ የደንበኞችን ሠንጠረዥ ያለ ማጣሪያ አፕዴት አድርጌያለሁ። የሁሉም ስልክ ቁጥር አንድ ሆኗል። ሌላ ምንም አልነካሁም፣ አሁንም እጄን አንስቻለሁ። ማን ይድረስልኝ?» ፕሮዳክሽን ደንበኛ የሚጠቀምበት እውነተኛው ሲስተም ነው። መቼ፣ ምን፣ ምን ታየ፣ ምን አልተነካም፤ ሁሉም አለ። በ40 ደቂቃ መለስነው። «እጄን አንስቻለሁ» የሚለውን ልብ በሉ። ባየሁት ሁሉ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው የመጀመሪያው ስህተት አልነበረም፤ ሳይታይ ላስተካክል ተብሎ በድንጋጤ የተሰጠው ሁለተኛው ትእዛዝ ነው።

ሪስታርትንም እግረ መንገዴን ላንሳ። የሙያችን ማስታገሻ ነው፤ ሁላችንም እንውጠዋለን። ግን ሪስታርት ችግሩንም ምስክሩንም አብሮ ይዞ ይሄዳል። ሚሞሪው ውስጥ የነበረው ይጠፋል፤ በሳምንቱ ያው ችግር ሲመለስ እንደ አዲስ እንግዳ ትቀበሉታላችሁ። 2 ደቂቃ ወስዳችሁ ሎጉን፣ የሚሞሪና የሲፒዩ ሁኔታውን አስቀምጡ፤ ከዚያ አጥፍታችሁ አብሩት።

ጥያቄ መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ፣ ገደብ ስጡት። ግማሽ ሰዓት ታግሉ፤ ካልሆነ የሞከራችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። «አልሠራልኝም» ብሎ የሚመጣና «ይህን ሞከርኩ፣ ይህ ስህተት መጣ፣ እዚህ ጋ ነው የጠፋኝ» ብሎ የሚመጣ እኩል አይታዩም። «ይሄንንም አታውቅም?» የሚል ሲኒየር ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ እሱም እርግጠኛ አይደለም።

አሁን ደግሞ ጭራሽ ዝም የማይል ረዳት መጥቶላችኋል። ሰው ሠራሹ አስተውሎት የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ የሌለ ፋንክሽን ስም እስከመጥራት ይደርሳል። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ብዙ ድካም ያቀልልኛል። ነገር ግን ኮድ ሪቪው ላይ፣ ባልደረባ ኮዳችሁን ሲገመግም፣ «ይሄ መስመር ለምን አስፈለገ?» ስትባሉ «እሱ ነው የጻፈው» ማለት የኔን «ምንም አላየሁም» ትመስላለች። ልታስረዱት የማትችሉትን መስመር አታስገቡ፤ የደንበኛ መረጃና ፓስዋርድም አትለጥፉበት።

የጊዜ ግምት ሌላው የዝምታ ቤት ነው። «90 በመቶ አልቋል» የተባለ ሥራ ሦስት ሳምንት 90 በመቶ ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ። ሰኞ እንደማይደርስ ሐሙስ ካወቃችሁ ሐሙስ ተናገሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ሰኞ ጠዋት የሚነገር መዘግየት ለማንም ምርጫ አይተውም። አለቃችሁ ደንግጦ ሦስት ሰው ልጨምር ይል ይሆናል፤ ያኔ አዲሶቹን የሚያስተምረው ያው የዘገየው ሰው እንደሆነ በትሕትና አስረዱት።

የሌሊት ተረኝነት ላይ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀስቅሶ ምንም የማያሠራችሁን ማስጠንቀቂያ በማግስቱ አጥፉት ወይም አስተካክሉት። ሁልጊዜ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ዝም ካለው አይሻልም፣ ጆሮን ያደነድናል። ድካማችሁንም ቢሆን ለአለቃችሁ ንገሩ፤ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው የትኛው መስኮት ፕሮዳክሽን እንደሆነ አይለይም።

«ተናግረን ብንቀጣስ?» ትሉኛላችሁ። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አለ፣ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። የተናገረ የሚዋረድበት፣ ያደባበሰ የሚሾምበት። እዚያ ከሆናችሁ የተናገራችሁትን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ሲቪያችሁን አድሱ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። የማትናገሩበት ቦታ ብዙ ከቆያችሁ ማየትም ታቆማላችሁ፤ እኔ ላይ ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀው።

ለዚያ አለቃዬ እውነቱን የነገርኩት ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። «አውቃለሁ» አለኝ። ነገሩ ካለፈ በኋላ መዝገቡን ሲያገላብጥ የምፈርምበት ሰዓት በአንድ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት መውረዱን አይቷል። ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም ስለው፣ «አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ» አለ። እንግዲህ ሁለታችንም ነን።

ባለፈው ወር ከጀማሪዎቻችን አንዷ ሌሊት መልእክት ላከችልኝ። «ይቅርታ፣ መሽቷል። ምንም ላይሆን ይችላል፤ ግን የዕለቱ ሪፖርት ሁልጊዜ 11 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዛሬ በ2 ደቂቃ አለቀ።» መነጽሬን ፈልጌ ላፕቶፑን ከፈትኩ። አንድ ሰዓት ገደማ አብረን አየነው። ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ልጅ ከሰዓት በኋላ ፍለጋን የሚያፈጥን አንድ ኢንዴክስ ጨምሮ ኖሯል። ሪፖርቱ ትክክል ነው፣ ቁጥሩም አልጎደለም። «በከንቱ ቀሰቀስኩዎት» አለች አፍራ። አመስግኛት እንድትተኛ ነገርኳት። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ኢንዴክሱን ለጨመረው ልጅ ጻፍኩለት፦ «ጥሩ ሥራ ነው። ስትሠራ ግን ንገረን እንጂ።»