ድንጋዩ መቼ ነው የሚያስፈልገው?

«አዲስ ታጣፊ ምላጭ ገዛሁ። አንዱ በየሳምንቱ በድንጋይ ሳለው ይለኛል፣ ሌላው በዓመት አንዴ ይበቃዋል ይላል። የቱን ልስማ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። እኔ በዚህ ዓይነት ምላጭ መላጨት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ የሳምንቱ ሰውዬ ያለ መካሪ ሰምቼ ጉድ ሆኛለሁ።

በቅድሚያ እጅህ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ እይ። አገር ቤት ፀጉር ቤት የምናውቀው፣ ምላጭ ለሁለት ተቆርሶ የሚገባበት እጀታ ከሆነ ጥያቄው አይመለከትህም። ሲደንዝ ጥለህ ሌላ ትከታለህ። እኔ የማወራው ከጀርባው እስከ ስለቱ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነው ነው።

የኔን የገዛሁት እዚህ ጀርመን፣ ኮሎኝ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከአንዲት አሮጊት በ15 ዩሮ ነው። እጀታው ተሰንጥቋል፣ ብረቱ ላይ ግን «ዞሊንገን» ይላል። ዞሊንገን በስለት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ ከኛ በባቡር ግማሽ ሰዓት አትሞላም። እዚያ ያልተሠራ ስለት ላይ ስሟን ማተም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ይህን ስለማውቅ ሳልከራከር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ስሞክረው ግን ጢሜን መቁረጡን ትቶ ይጎትተው ጀመር። ስሙ ብረቱ ላይ ስላለ ስለቱም ይኖራል ማለት አይደለም ለካ።

ከዚያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ድንጋይ ላይ ነበርኩ። በስድስት ወሩ ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ሰፊ ጠፍጣፋ መስመር ወጣበት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። የስለቱን አንግል የሚጠብቀው ጀርባው ነው። በሳልክ ቁጥር ሁለቱም ይበላሉ። አሁን ብዙ ሥራ ያለበት ምላጭ ሲገጥመኝ ጀርባውን አንድ ዙር ናስትሮ አልብሼ ነው የምስለው። እንዲህ ከጀመርክ ግን ሁሌም ናስትሮ ማድረግ አለብህ፤ አለበለዚያ አንግሉ ይለወጥብሃል።

የየዕለቱ ሥራ የቆዳው ነው፣ ስትሮፕ የሚሉት፤ ምላጩ የሚመላለስበት፣ በአንድ ጎን ቆዳ በሌላው ጨርቅ የሆነ ጠፍር ነው። ከመላጨቴ በፊት 20 ጊዜ ጨርቁ ላይ፣ 50 ጊዜ ቆዳው ላይ አመላልሰዋለሁ። ድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፣ ቆዳ ላይ ግን ጀርባው ነው የሚቀድመው። ጫፍ ላይ ስትደርስ በጀርባው ላይ ገልብጠው፣ በስለቱ በኩል እንዳትዞር። እኔ አንድ ጠዋት ስልክ ሲጮህ ቀና ብዬ በስለቱ አዞርኩትና የስትሮፑ ቆዳ ላይ ጣቴን የሚያስገባ አፍ ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ምላጩ እዚያች ቦታ ሲደርስ «ጠቅ» ይላል። ስትሮፑን ወጥረህ ያዝ፣ ምላጩን አትጫነው። ስትሮፑ ከረገበ ስለቱን ያዶለዱመዋል።

ቆዳው የተጣመመውን ጠርዝ ያቃናል እንጂ የተሸረፈ አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች የጢም ምላጭን በማይክሮስኮፕ ሥር ፀጉር እያስቆረጡ አይተውት ነበር። ፀጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው። እንደዚያም ሆኖ፣ ጎንበስ ብሎ ሲቆረጥ ጠርዙን ይሸርፈዋል። ድንጋዩ የሚያስፈልገው ለዚህ ሽርፍራፊ ነው።

ታዲያ መቼ? ቀን አትቁጠር፣ አገጭህን ጠይቅ። የኔ መጀመሪያ የሚናገረው አገጬ ሥር ነው፤ እዚያ መጎተት ይጀምራል። አንድ ቀን ስለጎተተ ግን ወደ ድንጋዩ አትሩጥ። አረፋው ደርቆብህ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ጢምህን በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ አላራስክም። እነዚህን አስተካክለህ፣ ቆዳው ላይም በደንብ አመላልሰኸው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከጎተተ፣ ያኔ ተራው የድንጋዩ ነው። እኔ በሳምንት አራቴ እላጫለሁ፤ በየሁለት፣ በየሦስት ወሩ ይመጣብኛል። ጢምህ እንደ ሽቦ ከሆነ ቶሎ ይመጣብሃል።

ያኔም ቢሆን ቁጥር 12000 ድንጋይ (ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ድንጋዩ ልስልስ ነው)፣ ትንሽ ውሃ፣ 15 ጊዜ መመላለስ፣ አለቀ። አልሆነም ካለ 8000 ላይ ጀምረህ በ12000 ጨርስ። ቁጥር 1000 በዓይን ለሚታይ ሽርፍራፊ፣ ወይም እንደኔ ከገበያ ለተነሣ አሮጌ ምላጭ ነው። ጀማሪ እጅ ላይ 1000 ምላጭ ፈጅ ነው፣ እውነቴን ነው። ከመጀመርህ በፊት ስለቱን ዳር ዳሩን በማርከር ቀባው። ሁለቴ ሦስቴ አመላልሰህ ስታየው ቀለሙ የቀረበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ድንጋዩ አልነካውም ማለት ነው። ድንጋዩ ራሱ ከጎደጎደ ደግሞ ልፋትህ ከንቱ ነው። ላዩን በእርሳስ አስምር፣ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እሸው፣ መስመሩ ሁሉ ሲጠፋ ተስተካክሏል።

ከጢም በላይ ምላጭ የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ተላጭተህ ስትጨርስ አድርቀው፣ እጀታው የሚታጠፍበትን ቦታ በተለይ። መታጠቢያ ቤት አታኑረው፣ እንፋሎቱ ያዝገዋል። ለሳምንት የማትነካው ከሆነ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ቀባው።

አዲስ ነው ያልከው ምላጭ ከፋብሪካ ሲወጣ ለመላጨት የደረሰ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም አይደርስም። ብትችል መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይሳልልህ፤ የተሳለ ምላጭ ፊት ላይ ምን እንደሚመስል ሳታውቅ መሳል መጀመር ከባድ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለቱን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሣና እዚህ ለጥፈው። ሽርፍራፊ ካለበት ስለ 1000ው ያኔ እናወራለን።